ቋንቋ መናገርና በቋንቋው መማር ለየቅል ናቸው

በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር እጁን እያወጣ ይመልስ የነበረ ተማሪ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ ሲለወጥ ዝምተኛ ሆኖ መገኘቱ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ ለተማሪው ስንፍና ወይም ለመምህሩ ድክመት ይሰጣል። የሥነ ልሳን ምሁራን ለአሥርት ዓመታት ያካሄዷቸው ጥናቶች ግን ወደ ሌላ ምክንያት ያመለክታሉ። የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቋንቋውን የሚያገኝበትና ሁለተኛ ቋንቋ የሚማርበት መንገድ የተለያየ ሲሆን፣ በሁለተኛ ቋንቋ መግባባትና በዚያው ቋንቋ ዕውቀት መገብየትም እኩል ጊዜ የሚጠይቁ አይደሉም።

ሕፃን የመጀመሪያ ቋንቋውን መልመድ የሚጀምረው ገና ከመናገሩ በፊት ነው። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1984 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ከ6 እስከ 8 ወር የሆናቸው ሕፃናት በሂንዲ ቋንቋ የሚገኙ፣ በእንግሊዝኛ ግን የማይለዩ ድምፆችን መለየት ችለዋል። ከ10 እስከ 12 ወር ሲሞላቸው ግን ይህ ችሎታ በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። የሕፃኑ ጆሮ በአካባቢው ለሚሰማው ቋንቋ እየተቃኘ፣ ለማይሰማው እየደነዘዘ ይሄዳል ማለት ነው። አማርኛን በጎልማሳነት የሚማሩ በርካታ የውጭ አገር ሰዎች «መታ» እና «መጣ» የሚሉትን ቃላት ለመለየት የሚቸገሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕፃናት ቋንቋን የሚያገኙት የሰሙትን በመድገም ብቻ አለመሆኑም ተረጋግጧል። ጂን በርኮ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ በ1958 ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት የአንድ ምናባዊ ፍጡር ሥዕል አሳይተው ስሙ «ዋግ» እንደሚባል ነገሯቸው። ሁለት ሲሆኑ ምን እንደሚባሉ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ከማንም ሰምተውት የማያውቁትን የብዙ ቁጥር ቅርጽ በትክክል መሥርተው መልሰዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሕፃንም «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» ቢል የሰማውን እየደገመ አይደለም፤ «ውረድ» እና «ሂድ» ከሚሉት የትእዛዝ ቃላት ያወጣውን ደንብ ለ«መጣ» እየተጠቀመበት ነው። ምን ያህሉ ችሎታ ከተፈጥሮ፣ ምን ያህሉ ከልምድ እንደሚገኝ ምሁራን እስካሁን የሚከራከሩበት ጉዳይ ቢሆንም፣ ሕፃን ደንብ ፈላጊ መሆኑ ግን ብዙዎችን የሚያስማማ ነው።

ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው በአንጻሩ አንድ ቋንቋ አስቀድሞ ይዟል። የያዘው ቋንቋ አንዳንዴ መንገድ ይጠርግለታል፤ አንዳንዴም ያሰናክለዋል። ለምሳሌ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆነ ልጅ አማርኛ ሲማር «ጠ» እና «ቀ»ን የመሳሰሉ ድምፆች አያስቸግሩትም፤ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱም አዲስ አይሆንበትም። በአፋን ኦሮሞ ቅጽል ከስም በኋላ፣ በአማርኛ ደግሞ ከስም በፊት መምጣቱን ግን መልመድ ይኖርበታል። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሥን በመጨረሻ የሚያስቀምጡ በመሆናቸው፣ ተናጋሪዎቻቸው እንግሊዝኛ ሲማሩ ግሥን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ማምጣት ይጠበቅባቸዋል።

ፒት ኮርደር የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ በ1967 ባቀረቡት ጽሑፍ የተማሪ ስሕተት የድክመት ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው በአእምሮው የያዘውን ደንብ የሚያሳይ መረጃ መሆኑን አስገንዝበዋል። ይህ አመለካከት መምህሩ ስሕተትን ከመቅጣት ይልቅ መንስዔውን እንዲመረምር በር ከፍቷል።

ሌላው መሠረታዊ ልዩነት የጊዜ መጠን ነው። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለ40 ደቂቃ፣ በዓመት ለ36 ሳምንታት እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ በዓመት የሚያገኘው 120 ሰዓት ነው። ይህ በ8 ዓመት 960 ሰዓት ይሆናል። በቀን ለ10 ሰዓት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እየሰማ የሚያድግ ሕፃን ግን ይህንኑ ያህል ጊዜ በ96 ቀናት ውስጥ ያገኛል። በመሆኑም ከትምህርት ክፍል ውጪ እንግሊዝኛ የማይሰማ ተማሪ ቋንቋውን እንደ ሕፃን በራሱ ጊዜ ይለምደዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

«ቋንቋ በለጋ ዕድሜ ከተጀመረ በቀላሉ ይለመዳል» የሚለው የብዙ ወላጆች እምነትም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሁፍናኽል ኸለ የተባሉ ተመራማሪዎች በኔዘርላንድስ የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የደች ቋንቋ ሲማሩ ተከታትለው እ.ኤ.አ በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የተራመዱት ከትንንሾቹ ልጆች ይልቅ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙት ናቸው። በለጋ ዕድሜ መጀመር በተለይ ለአነጋገር ዘዬ ጥቅም እንዳለው ቢታወቅም፣ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቋንቋው በልጁ ዙሪያ በስፋት በሚነገርበት አካባቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ለማስተማር ሥራ ክብደት ያለው ግኝት የካናዳዊው ምሁር የጂም ከሚንስ ነው። ምሁሩ ከእ.ኤ.አ 1979 ጀምሮ ባቀረቧቸው ጽሑፎች የዕለት ተዕለት መግባቢያ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን ለይተው አሳይተዋል። ወደ ካናዳ የገቡ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች በእንግሊዝኛ ለመጫወትና ለመግባባት 2 ዓመት ያህል ሲበቃቸው፣ በትምህርት ከእኩዮቻቸው ጋር ለመስተካከል ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ወስዶባቸዋል። እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛን በየመንገዱና በየመጫወቻው የሚሰሙ ነበሩ። ቋንቋውን የሚያገኘው በክፍለ ጊዜ ተመጥኖ ለሆነ ተማሪ ደግሞ ጉዞው እንደሚረዝም መገመት አያዳግትም።

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን መደንገጉ ይታወሳል። ይሁንና ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩት በተለያየ የክፍል ደረጃ ነበር። ካትሊን ሂውና ባልደረቦቻቸው በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ አካሂደው እ.ኤ.አ በ2007 ያጠናቀቁት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ምዘና፣ ሂሳብንና ሳይንስን ጨምሮ፣ የተሻለ አማካይ ውጤት እንዳስመዘገቡ አመልክቷል።

በሌላ በኩል ቋንቋውን ማሰማት ብቻውን በቂ አለመሆኑን በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ያሳያል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ማለት አልቻለም፤ መምህሩም ሥርጭቱን አቁሞ ለማብራራት ዕድል አልነበረውም። ስቴፈን ክራሸን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እንደሚያስረዱት፣ ቋንቋ የሚለመደው ተማሪው ከደረሰበት ደረጃ በጥቂቱ ከፍ ያለና ትርጉሙ የሚገባው ንግግር ሲሰማ ነው። ሜሪል ስዌይን ደግሞ በካናዳ ለዓመታት በፈረንሳይኛ ሲማሩ የቆዩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የሚሰሙትን በሚገባ ቢረዱም በንግግራቸው ብዙ ስሕተት መኖሩን ተመልክተው፣ ተማሪው ራሱ መናገርና መጻፍ እንደሚያስፈልገው እ.ኤ.አ በ1985 ጽፈዋል።

እነዚህ ግኝቶች ለመምህራን የሚጠቁሟቸው ተግባራዊ መንገዶች አሉ። አንደኛው አዲስ ጽንሰ ሐሳብና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ በተማሪው ላይ እንዳይጫኑ ማድረግ ነው። «ብርሃን አስተፃምሮ» ምን እንደሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተረዳ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስያሜውንና አገላለጹን መማር ነው፤ ሐሳቡን እንደገና አይማርም። የየትምህርቱን ቁልፍ ቃላት በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እገዛ ነው።

ሁለተኛው ተማሪዎች ይበልጥ የሚናገሩበትን ዕድል መፍጠር ነው። ተማሪ በበዛበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም በየተራ ማናገር ባይችልም፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡት እርስ በርስ ለ3 ደቂቃ ቢወያዩ የክፍሉ ግማሽ በአንድ ጊዜ ይናገራል። ተማሪው ሲሳሳትም በጓደኞቹ ፊት ከማሸማቀቅ ይልቅ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሎ መልሶ ማሰማት ሐሳቡን ሳያቋርጥ ያርመዋል።

ሦስተኛው ንባብን ይመለከታል። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ችሎታውን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የፊደሉ ልዩነት ግን በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በግዕዝ ፊደል ያነበበ ልጅ አንድ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ መያዙን ለምዷል። በቁቤ ያነበበው ልጅ በበኩሉ የላቲን ፊደላትን ቢያውቅም፣ በቁቤ «ጥ»ን የሚወክለው «ኤክስ» እና «ጭ»ን የሚወክለው «ሲ» በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ እንዳላቸው ካልተነገረው ይደናገራል።

ለወላጆችም የሚተርፍ ትምህርት አለ። ራሳቸው በማይደላደሉበት እንግሊዝኛ ልጃቸውን ከማነጋገር ይልቅ በሚገባ በሚያውቁት ቋንቋ ተረት ቢነግሩት፣ ቢያስረዱትና ቢጠይቁት ኋላ በየትኛውም ቋንቋ የሚጠቀምበትን የሐሳብ ስንቅ ያስይዙታል። የማስተማሪያ ቋንቋው ሲለወጥ ዝም ያለው ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ ዕውቀት የጎደለው ሳይሆን፣ የያዘውን ዕውቀት ወደ አዲሱ ቋንቋ የሚያሻግርበት ጊዜና ድጋፍ ያጣ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።