የቃላት ጉርብትና በእንግሊዝኛ


ከቦሌ ካፌዎች በአንዱ «ወፍራም ቡና» ብናዝ አስተናጋጁ ወዲያው ይረዳናል። እንግሊዝኛ ግን ይህንኑ ቡና «ስትሮንግ»፣ ማለትም ብርቱ፣ ይለዋል። እኛ «ኃይለኛ» የምንለውን ዝናብ ደግሞ «ሄቪ»፣ ከባድ፣ ይለዋል። እነዚህን ጥምረቶች የሚወስናቸው ሰዋስው ሳይሆን ልማድ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ኮሎኬሽን» ብሎ ያብራራው ይህንኑ የቃላት ጉርብትና ነው።

«ስትሮንግ ሬይን» ብሎ የጻፈን ተማሪ ለዓመታት በቀይ ቀለም ሰርዤ አልፌአለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔም ነበር፤ እርሱ አማርኛውን በታማኝነት ተርጉሟል፤ እኔ ግን ቃሉን ያስተማርሁት ለብቻው ነበር። እንግዲህ በደብተራችሁ «ሬይን»ን ብቻ አትጻፉ፤ «ሄቪ ሬይን» ብላችሁ ቃሉን ከነጎረቤቱ መዝግቡ።