በቃል ያለ ሲወረስ፤ ስለ መስኮብ ታላላቅ ባለቅኔዎችና ስለ ቤተ ሰቦቻቸው

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እውነተኛነቱ ብዙ ጊዜ የተመሰከረ ነው፤ ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳልና። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ተገልብጦ የታየበት አንድ አገር አለ፤ ይኸውም ቀድሞ በእኛ ዘንድ መስኮብ ሲባል የኖረው የሩሲያ አገር ነው። በዚያ አገር በወረቀት የተጻፈው በእሳት ሲቃጠል፥ በሰው ልብ የተያዘው ተርፎ ለልጅ ልጅ ተወረሰ። ይህንንም አደራ የጠበቁት የጦር አለቆች ወይም መኳንንት አይደሉም፤ ሞግዚቶች፥ አያቶች፥ ሚስቶች፥ ልጆችና ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ የመስኮብ ባለቅኔዎች ታሪክ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብም መካከል ሊነበብ የሚገባው ነው ብለን፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አሌክሳንደር ፑሽኪን በ1799 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። በዚያ ዘመን የመስኮብ መኳንንት በቤታቸውም ሆነ በግብዣቸው የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነበረ፤ የገዛ አገራቸውን ቋንቋ ለሎሌና ለባላገር የተተወ አድርገው የሚቈጥሩ ብዙዎች ነበሩ። ሕፃኑ ፑሽኪንም በፈረንሳውያን አስተማሪዎች እጅ ስላደገ፥ በልጅነቱ ግጥም መሞከር የጀመረው በፈረንሳይኛ ነው። የአገሩን ቋንቋ ጣዕም ያወቀው ከሁለት ሴቶች አፍ ነው፤ አንደኛዪቱ የእናቱ እናት ማሪያ ጋኒባል፥ ሁለተኛዪቱም ሞግዚቲቱ አሪና ሮዲዮኖቭና ናቸው። አሪና በ1758 ዓ.ም. የተወለደች፥ ከነመሬቱ በጌታ እጅ ከተያዙት ገባሮች አንዲቱ ነበረች። ደብዳቤዋን እንኳ የምታስጽፈው በሌላ ሰው እጅ ነበረ። ነገር ግን የሕዝቡ ተረት፥ ዘፈንና ምሳሌ ሁሉ በልቧ ተጽፎ ነበረ።

ፑሽኪን ካደገና ስሙ በግጥም ከተጠራ በኋላ መንግሥት በጽሑፉና በአነጋገሩ ተቈጥቶ፥ በ1824 ዓ.ም. ሚኻይሎቭስኮዬ ወደ ተባለ የእናቱ ርስት በግዞት ላከው። በዚያ ሩቅ ገጠር ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ወዳጆቹ በከተማ ቀርተዋል፤ ክረምቱ ረዥም ነው፤ በረዶው መንገዱን ይዘጋዋል። በቤቱ ውስጥ ያጽናናችው አሮጊቷ ሞግዚቱ ብቻ ነበረች። ቀን ሲያነብና ሲጽፍ ውሎ፥ ማታ በአጠገቧ ተቀምጦ ተረት ታወራለት ነበረ። የሰማውንም በደብተሩ ይመዘግብ ነበረ። እነዚህ ተረቶች ከባዕዳን አስተማሪዎች ሲማር የጐደለበትን ትምህርት እንደሚሞሉለት ለወንድሙ በደብዳቤ ገልጾለታል። እንግዲህ ትልቁ ባለቅኔ በሃያ አምስት ዓመቱ እንደገና ተማሪ ሆነ፤ መምህሩም መጽሐፍ ያልጻፈች ገባር ናት።

ከዚህ የምሽት ትምህርት የተገኘው ፍሬ ብዙ ነው። በ1831 ዓ.ም. በግጥም የጻፈው የንጉሥ ሳልታን ተረት መሠረቱ ከሞግዚቲቱ የሰማው ነው። «ኢቭጌኒ ኦኔጊን» የተባለውና ሙሉ ታሪክ በግጥም የተተረከበት ታላቁ ድርሰቱም በ1833 ዓ.ም. በአንድነት ታትሞ ሲወጣ፥ ከጭፈራና ከቀሚስ ወሬ ይልቅ የገጠር ቤት ኑሮ፥ የሞግዚትና የልጃገረድ የሌሊት ጨዋታ በአንባቢ ልብ ቀረ። ከፑሽኪን በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች እንደ ግዕዝ ያለውን የቤተ ክርስቲያናቸውን የጥንት ቋንቋ ለከፍተኛው ነገር፥ የሕዝቡን ንግግር ደግሞ ለተራው ነገር ብቻ ይለዩት ነበረ። እርሱ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ክብር፥ የባላገሩን ለዛና የከተማውን ጨዋነት በአንድ አስማምቶ፥ ሁሉ የሚረዳው ሁሉም የሚያከብረው የጽሕፈት ቋንቋ አደረገው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ታላላቅ የመስኮብ ደራሲዎች ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ ሠሩ።

ስለ ፑሽኪን ሲነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ስሜት የሚሰጥ ነገር አለ። የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪቃ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ፥ ከዚያም ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤት መጥቶ፥ ንጉሡ የክርስትና አባት ሆኖት፥ በፈረንሳይ አገር የጦር ምሕንድስና ተምሮ እስከ ጄኔራልነት ማዕርግ የደረሰ ሰው ነው። የትውልድ አገሩ ሐበሻ መሆኑ ለረዥም ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ፑሽኪን ራሱ በአፍሪቃዊ ዘሩ አላፈረም፤ በ1827 ዓ.ም. ስለዚሁ ቅድመ አያቱ የልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ ጀምሮ ነበረ፥ ሳይፈጽመው ግን ቀረ። በአዲስ አበባም በስሙ አደባባይ ተሰይሞለታል።

አሪና ሮዲዮኖቭና በ1828 ዓ.ም. በፑሽኪን እኅት ቤት ሳለች ዐረፈች። መቃብሯ የት እንደ ሆነ ጠፍቷል፤ ስሟ ግን ከባለቅኔው ስም ጋራ በትምህርት ቤት ይነገራል። ፑሽኪንም ብዙ አልቈየም። ስለ ሚስቱ ክብር ዳንቴስ ከሚባል ፈረንሳዊ መኰንን ጋራ በሽጉጥ ተጋጥሞ ቈስሎ፥ በ1837 ዓ.ም. በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። አራት ትንንሽ ልጆች አባት አልባ ቀሩ።

የፑሽኪን ሞት በተሰማ ጊዜ አንድ ወጣት መኰንን ሐዘኑንና ቍጣውን በግጥም ጻፈ። ይህ ግጥም በማተሚያ ቤት አልታተመም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በእጁ እየገለበጠ ከቤት ወደ ቤት አዳረሰው። ጸሐፊው ሚኻይል ሌርሞንቶቭ ይባላል፤ መንግሥትም ስለዚሁ ግጥም ወደ ካውካሶስ ተራራ አገር አጋዘው። ሌርሞንቶቭ በ1814 ዓ.ም. ተወልዶ፥ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ስለ ሞተች ያሳደገችው አያቱ ኤሊዛቬታ አርሴኔቫ ናት። ይህች ባለጸጋ መበለት ከዚህ ልጅ በቀር የቀራት ሰው አልነበረም። ለጤናው ብላ ወደ ካውካሶስ ወሰደችው፤ መምህራን ቀጠረችለት፤ በተጋዘም ጊዜ ይቅርታ እንዲደረግለት ደጅ ጠናች። እርሱ ግን በ1841 ዓ.ም. በሃያ ስድስት ዓመቱ እንደ ፑሽኪን በሽጉጥ ግጥሚያ ሞተ። አያቲቱም ፈቃድ አግኝታ ዐፅሙን ከዚያ ሩቅ አገር በማስመጣት ባደገበት በታርኻኒ ከእናቱ አጠገብ አስቀበረችው። ልጅን ማሳደግ የምታውቅ እጅ ልጅን መቅበርም ግድ ሆነባት።

ከዚህ በኋላ ዘመን ተለወጠ፤ በ1917 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፥ አዲስ መንግሥትም ተተከለ። ነገር ግን ባለቅኔ በገዥዎች ዘንድ የሚፈራ መሆኑ አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰ።

አና አኽማቶቫ በ1889 ዓ.ም. ተወለደች። ግጥም መጻፍ በጀመረች ጊዜ አባቷ የቤተ ሰቡን ስም በዚህ ነገር እንዳታስነሣ ስለ ከለከላት፥ ከእናቷ ወገን የሆነችውን የቅድመ አያቷን ስም ወሰደች። በ1910 ዓ.ም. ያገባችው ኒኮላይ ጉሚልዮቭም ባለቅኔ ነበረ። ይህ ሰው አገራችንን ከልቡ የወደደ፥ ደጋግሞም የመጣ መንገደኛ ነው። በ1913 ዓ.ም. የፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ቤተ መዘክር ልኮት፥ በድሬ ዳዋና በሐረር በኩል ተጕዞ ልዩ ልዩ ዕቃ ሰበሰበ፥ ፎቶግራፍም አነሣ። በሐረር ሳለ ያን ጊዜ የአገሩ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፥ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል። ስለ ሐበሻም ግጥም ጽፏል። በ1921 ዓ.ም. ግን በመንግሥት ላይ ተማክረሃል ተብሎ በጥይት ተገደለ። ከአኽማቶቫ ጋራ አስቀድመው የተፋቱ ቢሆንም፥ በ1912 ዓ.ም. የተወለደው ልጃቸው ሌቭ የአባቱ ስም ዕዳ ሆነበት።

ሌቭ መጀመሪያ በ1935 ዓ.ም. ተያዘ፤ ተፈትቶም በ1938 ዓ.ም. ዳግመኛ ታሰረ። እናቱ በሌኒንግራድ ከተማ በወህኒ ቤቱ ደጅ ዐሥራ ሰባት ወር ከሌሎች እናቶችና ሚስቶች ጋራ ተራ ጠበቀች። ከዕለታት አንድ ቀን በዚያ ብርድ ከአጠገቧ የቆመች የማታውቃት ሴት ይህን ሁሉ መጻፍ ይቻላት እንደ ሆነ ብትጠይቃት፥ እንደሚቻላት መለሰችላት። እነሆም «ሬክቪዬም» የተባለውን የሙታን መታሰቢያ ግጥም ደረሰች።

ነገር ግን በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት መገኘቱ ሞት ነበረ። ስለዚህ ያደረገችው እንደሚከተለው ነው። ሊድያ ቹኮቭስካያ የምትባል ወዳጇ ልትጠይቃት ስትመጣ፥ ግድግዳውም ይሰማል ብለው ስለሚፈሩ፥ አኽማቶቫ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለ ሻይ ወይም ስለ አየሩ እየተናገረች በቍራጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ስንኝ ጽፋ ትሰጣታለች። ወዳጇ በዝምታ አንብባ በቃሏ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ክብሪት ይጫራል፤ ወረቀቱም በሲጋራ አመድ ማኖሪያ ላይ ይቃጠላል። እንዲህ እየሆነ ግጥሙ በጥቂት ታማኝ ሰዎች ልብ ተከፋፍሎ ኖረ። በወረቀት በሙሉ የተጻፈው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀርመን አገር ታተመ። አኽማቶቫ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በአገሯ ግን ግጥሙ የታተመው በ1987 ዓ.ም. ነው። ልጇ ሌቭ ከብዙ እስራት በኋላ በ1956 ዓ.ም. ነጻ ወጥቶ የታወቀ የታሪክ ሊቅ ሆነ።

የኦሲፕ ማንደልሽታም ታሪክ ደግሞ ከዚህ አያንስም። ይህ ባለቅኔ በ1933 ዓ.ም. በስታሊን ላይ የነቀፋ ግጥም ገጥሞ ለጥቂት ሰዎች በቃሉ አሰማ፤ ወሬውም ወደ መንግሥት ደረሰ። በ1934 ዓ.ም. ተይዞ ተጋዘ፤ በ1938 ዓ.ም. ዳግመኛ ተያዘና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በቭላዲቮስቶክ አጠገብ በእስረኞች ሰፈር ሞተ። ሚስቱ ናዴዥዳ ትባላለች፤ ትርጓሜውም በእኛ ቋንቋ ተስፋ ማለት ነው። የባሏን ወረቀት በትራስ ውስጥ ሰፍታ፥ ከታመነ ወዳጅም ዘንድ አኑራ ሸሸገች። ወረቀት እንደሚጠፋም ስላወቀች ግጥሙን በቃሏ አጠናች። ከባሏ መያዝ በኋላ በአንድ የፈትል ፋብሪካ የሌሊት ሥራ ገብታ፥ በመኪናዎቹ መካከል ስትመላለስ እንዳትረሳው ግጥሙን በለሆሳስ ትደግመው ነበረ። ከዚያም በልዩ ልዩ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች እንግሊዝኛ እያስተማረች፥ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረች ኖረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1973 ዓ.ም. የባሏ ግጥም በአገሩ በመጽሐፍ ሲታተም እርሷ በሕይወት ነበረች። በ1980 ዓ.ም. ዐረፈች።

የማሪና ጽቬታዬቫን ድርሰት የጠበቀች ደግሞ ልጇ አርያድና ናት። ጽቬታዬቫ በስደት ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖራ፥ ወደ አገሯ በተመለሰች በ1939 ዓ.ም. ባሏና ልጇ ታሰሩ፤ እርሷም በ1941 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በታላቅ ችግር ሳለች ራሷን አጠፋች። አርያድና በእስራትና በግዞት የወጣትነት ዘመኗን ጨርሳ በ1955 ዓ.ም. ስትፈታ፥ ለራሷ ዕረፍት አልፈለገችም፤ የእናቷን ጽሑፎች ስትሰበስብ፥ ስታስተካክልና ስታሳትም ቀሪ ዕድሜዋን ፈጸመች።

እንግዲህ የመስኮብ ባለቅኔዎች ለዓለም ሥነ ጽሑፍ ያበረከቱት ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በተናቀው የሕዝብ ቋንቋ ታላቅ ነገር መናገር እንደሚቻል ማሳየታቸው ነው። ሁለተኛውም፥ ግጥም ለጌጥ ብቻ ያልተፈጠረ፥ በክፉ ቀን የሰው ምስክር ሊሆን የሚችል መሆኑን ማስረዳታቸው ነው። ነገር ግን ባለቅኔው ብቻውን ይህን አላደረገም። ፑሽኪንን ያለ አሪና፥ ማንደልሽታምን ያለ ናዴዥዳ፥ ጽቬታዬቫን ያለ አርያድና ብናስብ፥ ከእጃችን የሚቀረው ምን ያህል ነው?

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ያቀረብነው የሌላውን አገር ሰው ለማወደስ ብቻ አይደለም። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፥ ማታ በምድጃ ዳር ለልጅ የሚነገር ተረት፥ በቃል የሚጠና ግጥም፥ ከአያት የሚሰማ ምሳሌ እንደ ጨዋታ ብቻ አይቈጠር። አሪና ሮዲዮኖቭና በበረዶው ሌሊት ተረት ስታወራ፥ የአንድ ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ መሠረት እየጣለች መሆኗን አታውቅም ነበረ። በየቤታችን ያለችውም አሮጊት የምትናገረው ለማን እንደሚተርፍ አናውቅም። ስለዚህ የሚጻፈውን እንጻፍ፤ ያልተጻፈውንም ልጆቻችን በልባቸው እንዲይዙት እናድርግ።