ጥፋቱ የድንቹ ሳይሆን የስጎው ነው

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 12 ቀን 1996 መድፈኞቹ በኢያን ራይት ሁለት ጎሎች ብላክበርንን ከሜዳቸው ውጪ 2ለ0 ረቱ። ጨዋታው ለአርሴን ቬንገር የአርሰናል የመጀመሪያቸው ነበር። በጉዞው ላይ ግን ተጨዋቾቹ «ማርስ ቸኮሌታችንን እንፈልጋለን!» እያሉ ይዘፍኑ ነበር። እረፍት ላይ መልበሻ ቤቱ ጭር አለ። ቬንገር «ምን ሆነው ነው?» ቢሉ፣ የክለቡ ወጌሻ ጋሪ ሉዊን «ርቧቸው ነው» ሲል መለሰላቸው።

ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ የመጡት ፈረንሳዊ ስቴክና ቺፕሱን አስነስተው ቅቅል ዶሮ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ አትክልትና ፓስታ አስቀረቡ። ታዲያ እንግሊዞች የሚወዱት በግሬቪ የሚበላ የተፈጨ ድንች ከየትኛው ወገን ነው?

ድንቹ ጥፋት የለበትም። 100 ግራም ቅቅል ድንች 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ስቡ ከቁጥር አይገባም። ካርቦሃይድሬቱ ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል። በ90 ደቂቃ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሮጥ ተጨዋች የሚነዳው በዚህ ነው። ሲያልቅበት እግሩ ይከብዳል፣ ኳስም ይቀድመዋል።

ጣጣው ያለው በላዩ የሚጨመረው ላይ ነው። ድንቹ ሲፈጭ ቅቤ ይገባበታል። ግሬቪ ደግሞ ከጥብስ ሥጋ የወጣው ፈሳሽና ስብ በዱቄት ወፍሮ የሚሠራ ጨው የበዛበት ስጎ ነው። ስብ የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ አይወርድም። ተጨዋቹ ሜዳ ሲገባ ምሳው ገና ጨጓራው ውስጥ ነው ማለት ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ባለሙያዎች በ2020 ባወጡት ምክር መሠረት፣ ተጨዋች ከጨዋታው 3 እስከ 4 ሰዓት አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 3 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት አለበት። ለ70 ኪሎ ተጨዋች ትንሹ መጠን 70 ግራም ነው፤ ይህም 350 ግራም ያህል ቅቅል ድንች መሆኑ ነው። ቅቤው ጠብ ይደረግበታል፣ ስጎው ይቀራል።

ከፊሽካው በኋላ ነገሩ ይለወጣል። የተፈጨ ድንች ቶሎ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ ባዶ የቀረውን ጡንቻ ይሞላል፤ የስጎው ጨው በላብ የወጣውን ይተካል። ዶሮ ሲታከልበት ደግሞ ለጡንቻ መጠገኛ ፕሮቲኑ ተገኘ።

ምግብ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። ሆኖም አርሰናል በ1998 ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን ጠቀለለ። በ2002 ሁለቱን ዋንጫዎች ሲደግም፣ ቬንገር ሲመጡ 32 ዓመት የሞላው ሊ ዲክሰን በ38 ዓመቱ አሁንም ከቡድኑ ጋር ነበር።