ዘላቂ የመንግሥት ግዥና ጥቅሙ፦ ከሸዋሮቢትና ከይፋት ቆላ አንጻር

ዘላቂ የመንግሥት ግዥ የሚባለው፣ መሥሪያ ቤቶች ዕቃ፣ አገልግሎት ወይም ግንባታ ሲገዙ ከጨረታው ዋጋ ጋር ግዥው በሥራ ዕድል፣ በሕዝብ ኑሮና በተፈጥሮ ሀብት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት አብረው የሚመዝኑበት አሠራር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች በ12ኛው ሥር ተካቷል።

በኢትዮጵያ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለአገር ውስጥ ምርቶች፣ ኩባንያዎችና ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት በማድረግ ኢኮኖሚውን መደገፍን ከግዥ መርሆዎች አንዱ አድርጎት ነበር፤ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ክልሎች የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ስለዚህ የሸዋሮቢት ከተማ አስተዳደር በአማራ ክልል ሕግ ሲገዛ፣ እዚያው ከተማ ያለው የፌዴራል ማረሚያ ቤት የሚገዛው በፌዴራሉ ሕግ ነው።

የአሠራሩ ጥቅም በአገሪቱ በጉልህ የታየው በኮብልስቶን መንገድ ነው። ድንጋዩ ከቅርብ ካባ ይወጣል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ሬንጅ አያስፈልገውም፤ ጠርቦ የሚያነጥፈው የተደራጀ ወጣት ነው። የውኃ ቧንቧ ለመቅበር መንገዱ ቢቆፈር ድንጋዩ ተነሥቶ መልሶ ይነጠፋል። ከተሞች ለመንገድ ያወጡት ገንዘብ በዚያው ለብዙ ሺህ ወጣቶች ደመወዝና ሙያ ሆኗል።

ሸዋሮቢት በምትገኝበት በይፋት ቆላ የመጀመሪያውና ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በምግብ ግዥ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋሮቢትና አካባቢዋ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ማሾ፣ በመስኖም ሽንኩርት ያመርታሉ። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ ሰብል ሆኗል። ሽንኩርት ግን በቆላው ሙቀት ብዙ አይቆይም፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ገበሬውም ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ማረሚያ ቤት፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ግን ዓመቱን ሙሉ ምግብ ያቀርባሉ። ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር አስቀድመው ውል ቢገቡ ገበሬው ተከላውን በየወሩ ከፋፍሎ ማምረት ይችላል፤ ተቋሙም ትኩስ ምርት በአነስተኛ የማጓጓዣ ወጪ ያገኛል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል የተማሪዎች ምገባ በጀት ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ ገበሬዎች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል ደንግጋ ነበር። በአዲስ አበባም የተማሪዎች ምገባ ለብዙ እናቶች የሥራ ምንጭ ሆኗል።

ሁለተኛው ጥቅም ከዕቃው የአገልግሎት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ለመስኖ የሚገዛ የናፍጣ ሞተር በጨረታ ዋጋው ረክሶ ሊያሸንፍ ይችላል። የነዳጁ፣ የመለዋወጫውና የጥገናው ወጪ በየዓመቱ ሲደመር ግን መጀመሪያ ውድ የመሰለው የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ሊረክስ ይችላል። ንጽጽሩ ትክክል የሚሆነው የዕቃው የአገልግሎት ዘመን ወጪ ሁሉ ሲታሰብ ነው።

ሦስተኛው መልሶ ግንባታን ይመለከታል። የአካባቢው ከተማ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በተከሰተው ግጭት ከባድ ውድመት ደርሶባታል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሸዋሮቢት ደርሷል። የፈረሰ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ ብሎኬቱን፣ በሩንና ወንበሩን የአካባቢው ማኅበራት ካቀረቡት ሕንፃው ሲቆም ኑሯቸውም አብሮ ያገግማል።

እነዚህ ጥቅሞች ያለ ቅድመ ሁኔታ አይገኙም። ትልልቅ ጨረታዎች አነስተኛ አቅራቢ በሚችለው መጠን በሎት መከፋፈል አለባቸው። የጨረታ ማስከበሪያና የውል ማስከበሪያ ከማኅበራት አቅም ጋር መመጣጠን አለባቸው። ክፍያ በጊዜው መፈጸም አለበት፤ ሦስት ወር የዘገየ ክፍያ አነስተኛ ማኅበርን ሊበትን ይችላል። የጥራት መስፈርቱ በግልጽ ተጽፎ ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት። ለአካባቢ አቅራቢ የሚሰጥ ቅድሚያ መጠኑ ካልታወቀና ውጤቱ በይፋ ካልተገለጸ የዘመድ አዝማድ መጠቀሚያ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ በውድ ዋጋ የወረደ ዕቃ ይገዛል።

የግዥ ኮሚቴዎች ሁለት ጥያቄ አብረው ሊመልሱ ይገባል፦ ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ በጠቅላላ ስንት ያስወጣል? ገንዘቡስ ለማን ሥራ ይፈጥራል? ከግብር ከፋዩ የተሰበሰበ ገንዘብ መልሶ የግብር ከፋዩን ጉልበትና ምርት ሲገዛ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።