የኪራይ ግብሩ የማን ነው?

ለተግባር ልምምድ ላሊበላ ስንወጣ የምናገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ በጣውላ ተከፍሎ ሁለት ክፍል የሆነ ማድቤት ነው። ጥቂት ቆይቶ እማማ "ግብር መጣብን፣ ግማሹን ቻሉ" ይሉናል።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢ ግብር ከፋዩ አከራዩ ነው። ክፍሉ ያለ ፈቃድ መሠራቱ ይህን አይለውጥም፤ ግብሩ የሚታሰበው በተቀበሉት ኪራይ ነው። ተከራይ የሚጠየቀው መልሶ ሲያከራይ ነው፦ በ3,000 ብር ይዘን ለጓደኞቻችን በ4,000 ካከራየን የ1,000ው ልዩነት የእኛ ገቢ ነው። (በወንድም ማትረፉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

የሚከብደው "ገቢዎች ሲመጡ ዘመድ ነን በሉ"፣ "ውሉ ላይ 1,500 ጻፉ" ስንባል ነው። ቡና ያጠጡንን፣ ስንታመም የጠየቁንን እናት እምቢ ማለት ያሳፍራል። ግን የሐሰት ምስክርነት ከከባኢር ነው። ደግሞስ 1,500 ላይ ፈርመን፣ ነገ ብንጣላ 3,000 መክፈላችንን በምን እናስረዳለን? የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውል በጽሑፍ፣ ክፍያ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል።

ግብሩን አስበው ኪራዩን ከፍ ካደረጉት የዋጋ ድርድር ነው፤ ዕቃ ሳናስገባ ቁርጡን እንጠይቃቸው።