ኤንኤስኤስኤም

ኤንኤስኤስኤም በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ላይ ተራ ፕሮግራምን የሲስተም ሰርቪስ አድርጎ ከበስተጀርባ ለማስኬድ የሚያገለግል ነፃ መሣሪያ ነው። የጻፈው ኢየን ፓተርሰን ሲሆን የተጻፈበት ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ስሙ «ነን ሳኪንግ ሰርቪስ ማናጀር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምሕጻር ነው። በጨዋ አማርኛ «የማያማርር የሰርቪስ አስተዳዳሪ» እንደ ማለት ነው። ቀልድ ቢመስልም ከእሱ በፊት የነበሩትን መሣሪያዎች የሚተች ስም ነው።

ሰርቪስና ተራ ፕሮግራም

ሰርቪስ ማለት ሰው እስኪከፍተው ሳይጠብቅ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የተስተካከለ ሰርቨር ይነሣል፣ ከዚያ የይለፍ ቃል በሚጠይቀው ገጽ ላይ ይቆማል። በስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አንድ ሰው መጥቶ እስኪገባ ድረስ አይጀምርም። ሰርቪስ ግን ማንም ሳይገባ ሥራውን ይቀጥላል።

ታዲያ ማንኛውንም ፕሮግራም ሰርቪስ ነው ብሎ ማስመዝገብ ለምን አይበቃም? ዊንዶውስ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር በተባለ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ፕሮግራሙን አስነሥቶ ዝም አይልም፤ «ተነሥቻለሁ»፣ «እየቆምኩ ነው» የሚሉ መልሶችን ከፕሮግራሙ ይጠብቃል። በፓይተን ወይም በጃቫ የተጻፈ ተራ ፕሮግራም ይህን የመልስ ሥርዓት አያውቀውም። በዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ኤስሲ ክሪኤት» ትእዛዝ ቢመዘገብ ምዝገባው ይሳካል፤ ሲያስነሡት ግን ማናጀሩ 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና የስሕተት ቁጥር 1053 ያወጣል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ጥፋቱን በኮዳቸው ውስጥ ይፈልጋሉ። ኮዱ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው መልሱ ነው።

ኤንኤስኤስኤም በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ይገባል። በማናጀሩ ዘንድ የተመዘገበው ሰርቪስ እሱ ራሱ ነው፤ መልሶቹንም እሱ ይሰጣል። ዋናውን ፕሮግራም ደግሞ እንደ ልጅ ሂደት አስነሥቶ ይጠብቀዋል።

ሲወድቅ ማወቅ

ይህ ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ከሪሶርስ ኪት ጋር ያቀርበው የነበረው ሰርቭኤኒ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ችግሩ ፕሮግራሙን ካስነሣ በኋላ መለስ ብሎ አለማየቱ ነው። ፕሮግራሙ ቢሞትም ሰርቪሱ በዝርዝሩ ላይ እየሠራ እንዳለ ሆኖ ይታያል። በየሌሊቱ የዳታቤዝ ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሰኞ ቢወድቅ፣ ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው እስከ ቅዳሜ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል። ጉድለቱ የሚገለጠው ቅጂው የተፈለገ ዕለት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የቆመ ሰርቪስ፣ ሳይሠራ «እሠራለሁ» ከሚል ሰርቪስ እጅግ ይሻላል።

ኤንኤስኤስኤም ፕሮግራሙ ሲያበቃ ያውቃል፣ ሁኔታውንም በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ፕሮግራሙን መልሶ ያስነሣዋል። ዝም ብሎ እንዲተወው ወይም ሰርቪሱ አብሮ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል። ይህንንም ፕሮግራሙ ሲያበቃ በሚመልሰው ቁጥር መለየት ይቻላል፦ 0 ከመለሰ ሥራውን ጨርሷልና ሰርቪሱ ይቁም፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ እንደገና ይነሣ እንደ ማለት።

ፕሮግራሙ ገና ከመነሣቱ የሚወድቅ ከሆነ፣ ማለትም በመደበኛው ቅንብር 1500 ሚሊሰከንድ ሳይሞላው ካበቃ፣ ኤንኤስኤስኤም ያለ ፋታ አያስነሣውም። በሙከራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያራዘመ እስከ አራት ደቂቃ ገደማ ያደርሰዋል። ያለዚያ የተበላሸ ፕሮግራም በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተነሣና እየወደቀ ኮምፒውተሩን ያስጨንቀው ነበር።

ሲያስቆምም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ኮንትሮል ሲ ይልካል፤ ካልሆነ ለፕሮግራሙ መስኮቶች የመዝጊያ መልእክት፣ ቀጥሎ የማብቂያ መልእክት ይልካል፤ በኃይል የሚገድለው በመጨረሻ ነው። ፋይል እየጻፈ ላለ ፕሮግራም ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። በየደረጃው የሚጠብቀው 1500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ ለመዝጋት ረጅም ጊዜ ለሚፈልግ ፕሮግራም ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

አጠቃቀም

በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት «ኤንኤስኤስኤም ኢንስቶል» ብሎ የሰርቪሱን ስም ማስከተል ይበቃል። በሚከፈተው መስኮት የፕሮግራሙ አድራሻ፣ የሚነሣበት ፎልደርና ተጨማሪ ትእዛዞቹ ይሞላሉ። ቅንብሩ በሬጂስትሪ ውስጥ ይቀመጣል። በስክሪን ላይ ይታይ የነበረውን ጽሑፍም ወደ ፋይል መምራት ይቻላል፤ ሰርቪስ የሚታይ መስኮት ስለሌለው ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ይመከራል።

ከዳውንሎድስ ፎልደር ሆኖ መጫን ግን ችግር ያመጣል። የተመዘገበው አድራሻ የመሣሪያው የራሱ ፋይል ነውና ፎልደሩ የጸዳ ቀን ሰርቪሱ አይነሣም።

ጥንቃቄ

ሌላ አካውንት ካልተመረጠ ሰርቪሱ የሚሄደው ሎካል ሲስተም በተባለው አካውንት ነው። ይህ አካውንት በኮምፒውተሩ ላይ ሰፊ ሥልጣን አለው። ከኢንተርኔት ጥያቄ የሚቀበል ፕሮግራም በዚህ አካውንት ሲሄድ ቢጠለፍ፣ ጠላፊው መላውን ኮምፒውተር ያገኛል። ስለዚህ አነስተኛ መብት ያለው አካውንት መስጠት ተገቢ ነው። ሌላው የተለመደ ግራ መጋባት ደግሞ ተጠቃሚው በፊደል ሰይሞ ያገናኘው የኔትወርክ ድራይቭ ለሰርቪሱ አለመታየቱ ነው።

ሰርጎ ገቦችም ተንኮል አዘል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንዲሄድ ለማድረግ ይጠቀሙበታል። ማንም ሳይጭነው በኮምፒውተር ላይ ከተገኘ መመርመር አለበት።

ሥሪትና ፈቃድ

ሥሪት 2.24 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ነው። በ2017 ደግሞ በወቅቱ በነበረው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ላይ ሰርቪሶች እንዳይነሡ ያደርግ የነበረውን ችግር የሚፈታ ቅድመ ልቀት ተዘጋጅቷል። መሣሪያውም ምንጭ ኮዱም የቅጂ መብት አይጠየቅባቸውም፤ ማንም ሰው ለፈለገው ዓላማ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊጠቀምባቸው ይችላል።