ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል

ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል (በአጭሩ ዲ.ኢ.ኤስ.) የሴት ሆርሞን የሆነውን ኤስትሮጅንን የሚተካ፣ በላቦራቶሪ የተሠራ መድኃኒት ነው። የሰውነትን ሆርሞኖች ሥራ ከሚያዛቡ ኬሚካሎች መካከል በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት በግልጽ ከተረጋገጠባቸው አንዱ ነው። ጉዳቱ በይበልጥ የታየው መድኃኒቱን በወሰዱት እናቶች ላይ ሳይሆን፣ በዚያን ጊዜ በማህፀናቸው በነበሩት ልጆች ላይ ነው።

ታሪክ

ዲ.ኢ.ኤስ.ን እ.ኤ.አ. በ1938 ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ሠሩት። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ በአፍም ይወሰድ ነበር። በ1940ዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች ፅንስ እንዳይጨነግፍ ይከላከላል በማለት ለነፍሰ ጡሮች ማዘዝ ጀመሩ። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ1,600 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ለዚህ ዓላማ እንደማይጠቅም አሳየ። ሆኖም ማዘዙ አልቆመም።

በ1971 አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ በቦስተን በወጣት ሴቶች ዘንድ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር የያዛቸውን 8 ታማሚዎች አጠኑ። የ7ቱ እናቶች በእርግዝና ወቅት ዲ.ኢ.ኤስ. ወስደው ነበር። ለንጽጽር ከተመረጡት 32 ጤነኛ ሴቶች እናቶች ግን አንዲቷም አልወሰደችም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮች እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ግን ለተጨማሪ ዓመታት ይታዘዝ ነበር።

አሠራር

ሆርሞን በደም እየተዘዋወረ ለሕዋሳት መልእክት ያደርሳል። መልእክቱ የሚሰማው ሆርሞኑ ለእርሱ ከተዘጋጀው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ነው። ዲ.ኢ.ኤስ. ከኤስትሮጅን ተቀባይ ጋር ስለሚገጥም ሰውነት እንደ ኤስትሮጅን ይቆጥረዋል። የእንግዴ ልጅንም አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የመራቢያ አካላት በሚቀረጹባቸው ሳምንታት የደረሰ የተሳሳተ መልእክት የአካላቱን ቅርጽ ለዘለቄታው ይለውጣል። ስለዚህ ከመጠኑ ባሻገር ኬሚካሉ የደረሰበት ጊዜም ወሳኝ ነው።

የጤና ጉዳት

* በሴት ልጆች፦ ከ1,000 አንዷን ገደማ የሚይዝ የብልትና የማህፀን በር ካንሰር፣ የማህፀን ቅርጽ መለወጥ፣ መካንነት፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናና ያለጊዜ መውለድ። ፅንስ እንዳይጨነግፍ የተሰጠው መድኃኒት የእነዚህን ሴቶች ፅንስ ለመጨንገፍ አጋለጠ።
* በወንድ ልጆች፦ በዘር ፍሬ አካባቢ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ እብጠት።
* በእናቶች፦ በመጠኑ ከፍ ያለ የጡት ካንሰር ስጋት።

ትርጉሙ

የዲ.ኢ.ኤስ. ጉዳት የታወቀው ካንሰሩ በወጣቶች ዘንድ ብርቅ ስለነበረና እናቶች መድኃኒት መውሰዳቸውን ማረጋገጥ ስለተቻለ ነው። በፕላስቲክ ውስጥ የሚገኘው ቢስፌኖል ኤ እና ሌሎች ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎች ከዲ.ኢ.ኤስ. እጅግ ደካማ ናቸው፤ ሰውም ሳያውቀው በጥቂት በጥቂቱ ያገኛቸዋል። ጉዳታቸውን ለይቶ ማረጋገጥ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ቢስፌኖል ኤ በሕፃናት ጡጦ ሥራ ላይ እንዳይውል የከለከለው ለጥንቃቄ ሲል ነበር።